የግራ ዓይኗ

ፈረንጆች ስለ ክርስቲያን ሥዕል ምልክቶች የጻፏቸው መዝገበ ቃላት በቤታችን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘዋል። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ፤ በሁሉም ተናድጃለሁ። ስለ ዓሣ ብቻ ገጽ በገጽ ይጽፋሉ። ስለ በግ፣ ስለ መልሕቅ፣ ስለ ወይን ዘለላ የማይሉት ነገር የለም። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለት መስመር ይበቃቸዋል። ያቺ ሁለት መስመርም ብትሆን «ሌላ ቦታ ይመልከቱ» ብላ ወደ መጨረሻው ገጽ ትሰድሃለች፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ምንም የለም። ግድግዳ የተባለን ሁሉ ከጣሪያ እስከ መሬት በቅዱሳን ለሸፈነ ሕዝብ ሁለት መስመር!

ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው የኖርኩት። ጡረታ ስወጣ ታዲያ የራሴን መጽሐፍ ልጀምር አልኩ፤ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ምልክት ከሀ እስከ ፐ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። እመቤታችን በእጇ የያዘችው መሐረብ ምንድን ነው? ከመስቀሉ ሥር ያለው የራስ ቅል የማን ነው? አንዱ ሰማዕት በነጭ ፈረስ፣ ሌላው በጥቁር ፈረስ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም በሆዱ የሚጠይቀውን ሁሉ የሚመልስ መጽሐፍ ነበር ያሰብኩት። ሐሳቡን ለባለቤቴ ስነግራት «ቤት ተቀምጠህ እኔን ከምትነዘንዘኝ ይሻላል» አለች። እሷ ልደታ ማርያም አጠገብ ጧፍና ሻማ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ጠዋት ትወጣለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች፤ ምእመኑን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

መጽሐፉን ግን ብቻዬን አልሠራሁትም። ከልጄ ጋር ነው የሠራሁት። አንድ ልጅ ናት ያለችን። ነበረችን ማለት አለብኝ፤ አፌ እስካሁን አልለመደውም።

ልጄ በግራ ዓይኗ አታይም ነበር። ገና ድክ ድክ ስትል፣ ያኔ እንኖርበት በነበረው የጌጃ ሰፈር ግቢ ስትጫወት የአጥር ሽቦ ወጋት። ያልወሰድናት ሐኪም ቤት፣ ያላጠመቅናት ጠበል የለም። ዓይኗ ነጭ ሆኖ ቀረ። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ «አንድ ዓይና» እያሉ አስለቀሷት፤ ስታድግ ለቅሶውን ተወችና ዘዴ አበጀች። ሰው ሁሉ በቀኟ በኩል እንዲሆን ታደርጋለች። ታክሲ ውስጥ የምትቀመጠው በግራ መስኮት ጥግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ነጠላዋን በግራ ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ፎቶ ልናነሣት ስንል ዞር ትላለች፤ ስለዚህ አልበሙ በሙሉ የአንድ ጎኗ ነው። መንገድ ስንሄድ እኔ ሁሌ በቀኟ ነኝ፤ ስንሠራም ወንበሬ በቀኟ ነው። እኔ ልጄን የማውቃት ከቀኝ ነው። የቀኝ ቅንድቧን፣ የቀኝ ጉንጯን፣ ልትስቅ ስትል የከንፈሯ ቀኝ ጫፍ ቀድሞ ሲነሣ። እሱን አይቼ ነው ሳቋ እየመጣ መሆኑን የማውቀው።

ሥራዋ ዲዛይን ነበር፤ ለሱቆች ማስታወቂያ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የእኔ ናት። ካሜራዋን በትከሻዋ አንግታ በየደብሩ እንዞራለን። እሷ ሥዕሉን ታነሣለች፤ እኔ ሽማግሌና አሮጊቱን እየያዝኩ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ድሮም እንዲህ ነው።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድሮ የሚባል ነገር ከሰማይ አልወረደም፤ ማንኛውንም ነገር አንድ ሰው አንድ ቀን በሆነ ምክንያት ጀምሮታል። እኔ የምፈልገው ያንን ሰው ነው። አንድ ጊዜ ስለ እመቤታችን መሐረብ የጠየቅናቸው ባልቴት «እንባችንን ልትጠርግልን ነዋ» አሉን። ምንጭ የሌለው ወሬ ነው ብዬ ልተወው ስል ልጄ ከኋላዬ «አባዬ፣ ጻፈው» አለችኝ። አኩርፌ ጻፍኩት።

ከሥዕሎቹ ሁሉ የእሷ ሰው አንድ ነበር፤ በስቅለቱ ሥዕል ላይ የጌታን ጎን በጦር የወጋው ወታደር። ታሪኩን እኛ ዘንድ ሕፃን ያውቀዋል። አንድ ዓይኑ ዕውር ነበር፤ ሥዕሉም ሙሉ ፊቱን፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳየዋል፤ ከጌታ ጎን የፈሰሰው ደም ሲነካው በራለት፤ አምኖም ሰማዕት ሆነ። ልጄ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ፣ ጫማዋን አውልቃ ተሳልማ እንደጨረሰች፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጀለሴ የታለ?» ነው፤ በሰፈር ቋንቋ ጓደኛዬ ማለቷ ነው። አንድ ዲያቆን ይህን ሰምቶ ክው አለ። «እህቴ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ጀለስሽ ማነው?» ቢላት በጣቷ ወደ ወታደሩ አሳየችው። ዲያቆኑ ሳቁን ለመደበቅ መጋረጃ ማስተካከል ጀመረ።

«አ» ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የመጣው።

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሰው በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል። ክፉው፣ ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ጋኔኑ በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የለም። ፈረንጆቹም በዚያች ሁለት መስመራቸው ውስጥ ይህቺን አልረሷትም። እኔ እንደ ልማዴ እየተንጎራደድኩ እናገራለሁ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች። «አንድ ዓይን» አልኩ፤ «በጎን የተሳለ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው። ክፉ ወይም ከሃዲ መሆኑን ያመለክታል። ጻድቃን ምንጊዜም በሁለት ዓይን ይሳላሉ። አራት ነጥብ።»

ጽፋ ስትጨርስ የከንፈሯ ቀኝ ጫፍ ተነሣ። «አባዬ፣ እንግዲህ እኔ የት ልግባ?»

«ይሄ ስለ ሥዕል ነው እንጂ ስለ ሰው አይደለም።»

«ሥዕሉን የሚያየው ሰው አይደል?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ያገኘሁትን ነው የምጽፈው።»

«ጀለሴስ?»

«እሱ ጻድቅ የሆነው ዓይኑ ከበራ በኋላ ነው።»

ወደ እኔ ዞራ፣ ሁለቱንም ዓይኗን አሳይታ አየችኝ፤ ከስንት አንዴ የምታደርገው ነገር ነው። «ሥዕሉን ደህና አድርገህ አላየኸውም» አለችኝ። «ሥዕሉ ላይ ደሙ ገና መንገድ ላይ ነው። ዓይኑ አልበራም። ደሙ ግን ወደ ማን ነው የሚሄደው? ሁለት ዓይን ያለው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ፣ ወደ አንድ ዓይናው ነው የሚሄደው።» ከዚያ በጻፍኩት መጨረሻ ላይ ያለውን አራት ነጥብ አጥፍታ፣ በቀይ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት። «ይሄ አልተዘጋም። አንድ ደግ ሰው በጎን ተሥሎ እስክናገኝ እንደተከፈተ ይቆይ።» እኔም እሺ አልኳት። መጽሐፉ የሚያልቅበት ቀን ሩቅ ነው፤ ጊዜ አለን ብዬ ነው።

ጊዜ አልነበረንም። ራሴን አመመኝ አለች። ድካም ነው አልን። ሲብስባት ሐኪም ቤት ገባች፤ ራሷ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም፤ ብችልም አልፈልግም። በመጨረሻዎቹ ቀናት አልጋዋ በግራ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ስለነበር ሰው ሁሉ በቀኟ ነበር የሚቆመው። ያንን ሳይ ሆዴን ትንሽ ደስ አለው። ልጄ ሞተች። ሌላ አባባል የለውም።

ድንኳኑ ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ሲነሣ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ እኔና ባለቤቴ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዶች ሆንን። እሷ በጠዋት ሱቋን ትከፍታለች። እኔ መደርደሪያው ፊት እቀመጣለሁ፤ መጽሐፍ ግን አላወርድም። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም። «አ» ላይ ቆመናል፤ ከ«አ» ወዲያ ያለው ፊደል ሁሉ ለእኔ ባዶ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከሱቅ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ በቆመችበት «ለሙት ዓመቷ ሥዕል አሠርቼ ለደብሩ እሰጣለሁ» አለችኝ። «እመቤታችንን ልጇን ታቅፋ። ልጄ ደግሞ ከእግሯ ሥር።» ይህን ያወቀችው ከእኔ ነው። ድሮ ሥዕል የሚያሠራ ሰው በሥዕሉ ግርጌ አነስ ተደርጎ፣ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይሳል ነበር፤ ከሥሩም ስሙ ይጻፋል። መጽሐፉ ላይ «ግርጌ» በሚለው ሥር ልጽፈው ሳስብ የነበረውን በእራት ሰዓት አስር ጊዜ ሳወራላት ጆሮ የሰጠችኝ አይመስለኝም ነበር። ሰምታኛለች።

የደብሩ አለቃ መጀመሪያ አመነቱ። «ልማዱ እኮ ከቀረ ቆይቷል» አሉ። ባለቤቴ ፊታቸው ቆማ አለቀሰች። እሳቸውም አንጀታቸው አልቻለም። በሴቶች በር በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይሁን ተባለ። እመቤታችን ከፍ ትላለች፤ ልጄ ግን በቁመቷ ልክ፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ላይ ትሆናለች።

ሠዓሊው ጌጃ ሰፈር ነው ያለው፤ ከብየዳ ቤት አጠገብ። ሸራ ላይ ይስልና ሲያልቅ ወስዶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ጎልማሳ ነው፤ እልኸኛ ነው፤ ከእኔ ጋር ለመጣላት የተፈጠረ ሰው ነው። አልበሙን ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠው።

«ጋሼ፣ ፊት ለፊት የተነሣችው የለም?»

«የለም። በዚሁ ሳላት።»

«በጎን?»

«በጎን። እሷ እንዲህ ናት።»

አልበሙን ዘጋና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እርስዎ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰው ነዎት፤ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ክርስቲያንን ከእመቤታችን እግር ሥር አንድ ዓይን አድርጌ ልስላት? ነገ ሕዝቡ ይቺ ማን ናት ቢል ምን እመልሳለሁ? ጌታን ከሚገርፉት ጋር ነው የሚቆጥሯት።»

 የሚናገረው እኔ ያልኩትን ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ያንን ሕግ ከግድግዳ ላይ ለቅሜ፣ አርሜ፣ በፊደል ተራ አስቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን በልጄ ላይ ሲመጣ የሰይጣን ሕግ መሰለኝ።

እንግዲያውስ አንድ ደግ ሰው በጎን ተሥሎ አገኛለሁ አልኩና ወደ ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እሷ ያነሣቻቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው። ፈረንጆቹንም አወረድኩ። እነሱ ዘንድ ቅዱሱም በጎን፣ ንጉሡም በጎን፣ ነጋዴውም በጎን ነው፤ ለእኔ አይጠቅመኝም። የእኔ ጉዳይ እዚህ ነው፣ እኛ ግድግዳ ላይ። ገራፊው በጎን፣ ይሁዳ በጎን፣ የሄሮድስ ወታደር በጎን፣ ጋኔኑ በጎን። ጻድቁ ሁሉ ትልልቅ ሁለት ዓይኖቹን ገልጦ ያየኛል። እሷ ደግሞ ጀለሷን ከጌታ አስበልጣ ነው ያነሣችው። የትም ደብር አለ፤ ፊቱ ብቻ፣ ተቀርቦ፣ የደሙ ክር ገና በአየር ላይ ሆኖ። እያየሁት አለቀስኩ። የፈለግኩትን ግን አላገኘሁም።

በባዶ እጄ ከምሄድ ብዬ በመጨረሻ ለሠዓሊው «አህያዋስ?» አልኩት። «እመቤታችንን ተሸክማ ግብፅ የወረደችው አህያ በጎን ነው የተሳለችው። እሷም ክፉ ናት?»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ አየኝ። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልጅዎን ከአህያ ጋር ላመሳስላት?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን እኔ ላይ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። በኋላ ተመልሼ «እንደ ወታደሩ ሙሉ ፊት አድርገህ ግራ ዓይኗን ጨፍነው» አልኩት። እሱም ትንሽ አሰበና ለዚህስ እናቷ ትጠየቅ አለ። ተጠየቀች።

ባለቤቴ የጧፍ እሽግ እየቆጠረች ነበር። ቆጠራዋን አላቋረጠችም። «ሁለት ዓይን» አለች።

«እሷ አትሆንም» አልኳት።

«አንተ ሥዕል ነው የምታስበው። እኔ ልጄን ነው የማስበው። እዚህ ስትደበቅ ኖረች፤ በነጠላ፣ በፀጉር፣ በመስኮት ጥግ። ሴት ልጅ ናት፤ ስንቱን ውጣ ነው የኖረችው መሰለህ? አንተ በቀኟ በኩል ቆመህ አታይም። ፊቷን ያጠብኳት እኔ ነኝ። አሁን ይበቃታል። እዚያ አትደበቅም፤ በሁለት ዓይኗ እመቤታችንን ታያለች።»

 እኔ ሕጉን ለማፍረስ ስሮጥ የከረምኩት ልጄ እንደነበረች እንድትቀርልኝ ብዬ ነው። እናቷ ደግሞ ድና እንድትቀርላት ነው የምትፈልገው። ሁለታችንም የያዝነው አንዲት ልጅ ነው፤ ግን በአንድ ሸራ ላይ ለሁለታችንም የምትሆን ልጅ አልነበረችም። ሁለት ዓይን ይሁን አልኩ።

ግራ ዓይኗ ከየት ይምጣ? ሠዓሊው ለዚህ አልተቸገረም። በስልኩ ከአልበሙ አንዱን ፎቶ አነሣና የቀኙን ጎን ገልብጦ በግራ በኩል ገጠመው፤ እሱን እያየም ሥዕሉን ሠራ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው አለኝ፤ የሞተ ሰው ፎቶ ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ተባረከ፣ መጋረጃው ተነሣ። እመቤታችን ሰማያዊና ቀይ ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ፣ መሐረቧን በጣቶቿ መሃል ይዛ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር፣ በግራ ጥግ፣ ነጭ የለበሰች ልጅ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ሁለት ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፣ ጥቁር ናቸው፣ የሚያማምሩ ናቸው። ዘመዶቻችን «ቁርጥ ራሷን!» አሉ። አክስቷ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም ለዝክሩ ወደ አዳራሹ ሲሄድ እኔና ባለቤቴ ብቻችንን ቀረን።

ባለቤቴ ሥዕሉን አየች። ቀረብ ብላ አየች። ራቅ ብላ አየች። ፊቷ ሲገረጣ እኔ እሷን እያየሁ ነበር።

«ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ አትመስልም፣ አትሆንም እያልኩ የተጨቃጨቅኩት እኔ ነኝ። እኔ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። የልጄ ፊት ሁለቱ ጎኖች አንድ አልነበሩም፤ ግራው ከቀኙ ያዘነ ነበር፣ ሽቦው ከወጋት ቀን ጀምሮ ትንሽ ወደ ታች ያለ። እዚህ ሁለት ቀኝ ተገጥሞ የወጣችው ልጅ ቆንጆ ናት፤ አላውቃትም። ግን ባለቤቴን እንደዚያ ሳያት ያንን ለማለት አቅም አጣሁ።

«እሷ ናት» አልኩ።

«አይደለችም። ልጄ አይደለችም። ምን አደረግኩ? ልጄን አጠፋኋት!»

ድምፅዋ ከፍ እያለ ሲሄድ እጇን ልይዝ ዘረጋሁ። እሷ ግን እጇን ወደ ሥዕሉ ሰደደችው፤ ልትፍቀው መስሎኝ ደነገጥኩ። መዳፏን አነሣችና በልጅቱ ግራ ዓይን ላይ አደረገችው፤ ልክ ልጄ ነጠላዋን ጣል ታደርግበት በነበረበት ላይ። ግማሹ ፊት ተሸፈነ። የቀረው ቀኙ ነው። ቅንድቧ፣ ጉንጯ፣ ከሩቅ ሊመጣ ያለ ሳቅ ያለበት የከንፈሯ ቀኝ ጫፍ።

«ና» አለችኝ ባለቤቴ፣ ሳትዞር። «ና እያት። አለች።»

ሄጄ በልጄ በቀኟ በኩል ቆምኩ። እዚያ ቆመን ምን ያህል እንዳለቀስን አላውቅም፤ የዝክሩን ጠላ የሚቀዱት መጥተው ነው የወሰዱን።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በየወሩ በልደታ ቀን ትሄዳለች። ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ትላለች፣ በሴቶች በር ትገባለች፣ እጇን በልጃችን ግራ ዓይን ላይ ታደርጋለች፣ ቆማ ትጸልያለች። ከኋላዋ የሚመጡት ሴቶች ያዩአታል። ልጅቷ ማን እንደሆነች የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ጧፍ ሻጯ ግን የምትታወቅ፣ የምትከበር ሴት ናት፤ የምታደርገው ነገር ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም። መጀመሪያ አንዷ እጇን ዘርግታ ነካች። ከዚያ ሌላዋ። ነክተው እጃቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው ይወስዱታል፣ ከዚያ ይስሙታል። እናት ልጇን ከፍ አድርጋ ታስነካለች።

እኔ ይህን ያወቅሁት በአንድ የልደታ ቀን ባለቤቴን ላመጣት ሄጄ ተሰልፈው ሳይ ነው። ከአንዲት ከማላውቃት ሴት አጠገብ ቆምኩና የቆየ አመሌ ተነሣብኝ። «እህቴ፣ ዓይኗን የምትነኩት ለምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን እያስተካከለች በትሕትና አየችኝ። «ለዓይን ሕመም ነው ይላሉ፣ አባባ። ሆድ ለባሰውም ይሆናል።»

«ማነው የጀመረው?»

«እኔ እንጃ። ድሮም እንዲህ ነው።»

ድሮም እንዲህ ነው! ሥዕሉ ከተለጠፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በሕይወቴ ሙሉ የፈለግኩት ያ ሰው፣ አንድ ነገር በአንድ ቀን በሆነ ምክንያት የጀመረው ሰው ባለቤቴ ነበረች፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ደሜ አልፈላም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ።

ቤት ስንመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «አንድ ዓይን» የሚለው እሷ እንደተወችው አለ፤ ቀዩ የጥያቄ ምልክት መጨረሻው ላይ ነው። አላጠፋሁትም። ከሥሩ ስለ ባለቤቴ እጅ ልጽፍ፣ ሴቶቹ ለምን ግራ ዓይን እንደሚነኩ ልጽፍ ፈለግኩ። ምንጩን አውቃለሁ፤ ምንጩን እንደ እኔ ያወቀ የለም። አንድ ቃል እንኳን አልወጣልኝም። ዘጋሁት።

ባለፈው ሠዓሊው ደወለልኝ። ሌላ ሥራ ሊያይ ደብሩ ገብቶ ነበር። «ጋሼ፣ የልጅዎ ግራ ዓይን እኮ እየተላጠ ነው» አለኝ። «ሰው በእጁ ጨረሰው። ቀለሙ ሳስቷል፣ ሸራው ሊታይ ነው። በነፃ ልጠግንልዎ፣ እኔንም ያሳፍረኛል።»

«አትንካት» አልኩት።

«ዓይኗ ይጠፋል እኮ!»

«አትንካት አልኩህ።»

እንደ ሁልጊዜው በልደታ ቀን ባለቤቴ በጠዋት ሄዳ ከሰዓት ተመለሰች። ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ሥዕሉ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ጉንጯን በመዳፏ አብሳ፣ ልጃችን ስትሠራ ትቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ወንበር አየች።

«ያ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ልጄ እየመጣች ነው» አለችኝ።